ለድንገተኛ ክፍል ቡድን የትኛው ቼክሊስት ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቼክሊስት፣ ማለትም የማረጋገጫ ዝርዝር፣ ማየት ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ድምፁን አውጥቶ የሚያነበው ሰው ማግኘት ነው። ወረቀቱ ይወይባል፣ ጥጋጥጉ ይላቀቃል፣ ከጊዜ በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የባለሙያው ቸልተኝነት ነው። በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት የታዘብኩት ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛው ቼክሊስት የሚሞተው ለማይሆነው ሰዓት ስለተመረጠ ነው። ለቀዶ ሕክምና ክፍል የተዘጋጀው ልቡ የቆመ ታካሚ ራስጌ ላይ ይሰቀላል። ተረጋግቶ እንዲነበብ የተጻፈ ሁለት ገጽ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ በማይገኝበት ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ ማንም አላነበበውም ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

ይህ ጽሑፍ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎች፣ ዋና ነርሶችና ሐኪሞች ካሉት አማራጮች መካከል ለቡድናቸው የሚስማማውን እንዲመርጡ ለመርዳት የታሰበ ነው። ሳነጻጽር የምይዘው መለኪያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ቡድኑ ዝርዝሩን የሚያነበው በየትኛዋ ደቂቃ ላይ ነው? የሚያነበውስ ማን ነው? ሁለቱ በትክክል ከተመለሱ በወረቀቱ ላይ ምን መስፈር እንዳለበት ለመወሰን አይከብድም። ሳይመለሱ ከቀሩ ግን የቱንም ያህል ያማረ ዝርዝር ቢጻፍ ከግድግዳ ጌጥነት አያልፍም።

እያነበቡ መሥራት ወይስ ሠርቶ ማረጋገጥ?

ቼክሊስት ወደ ሕክምና የመጣው ከአውሮፕላን አብራሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ራይት ፊልድ በተባለው የአየር ጣቢያ፣ ቦይንግ ሞዴል 299 የተሰኘው አዲስ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ በረራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። አብራሪው በሙያው የተመሰገነ መኮንን ነበር፤ ሞተሮቹም ጤነኞች ነበሩ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የመቆጣጠሪያ ክንፎቹን ነፋስ እንዳያማታቸው የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ ነበር የተነሣው። ከዚህ አደጋ በኋላ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በአንድ ካርድ ላይ የሚያልቅ አጭር ዝርዝር ነው። ታሪኩን የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ የሠለጠነ ሰው በችኮላ ጊዜ የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ ከባዱን ሥራ አይደለም፤ ማንም የሚያውቀውን ቀላሉን ነው።

ከአብራሪዎቹ የተወረሱት ሁለት የአነባበብ መንገዶች ናቸው። በመጀመሪያው አንድ መስመር ይነበባል፣ የተባለው ይሠራል፣ ቀጣዩ ይነበባል። በሁለተኛው ቡድኑ ሥራውን ከልምዱ ይሠራል፣ ከዚያ አስቀድሞ በተወሰነ ቦታ ላይ ቆም ብሎ የቀረ ነገር እንዳለ በዝርዝሩ ያጣራል።

በድንገተኛ ሕክምና ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ሲቀያየር ግን ይጎዳሉ። ደሙ እየፈሰሰ ባለ ሰው ፊት ቆሞ "ተራ ቁጥር አንድ" ብሎ ማንበብ፣ እጆች ሳይታዘዙ የሚሠሩትን ሥራ ማዘግየት ነው። በሌላ በኩል በዓመት አንዴ የሚያጋጥም የመርዝ ዓይነት ሲመጣ ከትዝታ መሥራት አደገኛ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን ልክ በሚፈለግበት ሰዓት ከአእምሮ ይጠፋል። እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ ዘወትር የምትሠሩትን ሠርታችሁ አረጋግጡ፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥማችሁን እያነበባችሁ ሥሩ። ከዚህ የሚወጣ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም መመለሻ የሌለው እርምጃ ነው። መመለሻ ከሌለው እርምጃ በፊት፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ እየጠየቁና እየመለሱ ማንበብ ያስፈልጋል።

የመተንፈሻ ቱቦ ከመግባቱ በፊት የሚነበበው

መመለሻ ከሌላቸው እርምጃዎች ዋነኛው የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነው። ጡንቻን የሚያዝለው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ታካሚው በራሱ አይተነፍስም። የጎደለ ዕቃ ካለ ከዚያ በኋላ መፈለግ የሚቻለው በእርሱ ኦክስጅን ላይ ነው።

የማልረሳው አንድ ሌሊት አለ። ራሱን የሳተ፣ አፉ በትውከት የተሞላ ሰው ነበር። ማደንዘዣውም ጡንቻ የሚያዝለውም መድኃኒት ተሰጥቷል። ጉሮሮን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ላሪንጎስኮፑን፣ አስገብቼ ስመለከት የሚታየኝ ፈሳሽ ብቻ ሆነ። "ሰክሽን" አልኩ፤ ፈሳሽ የሚስበውን መሣሪያ ማለቴ ነው። ጫፉ እጄ ላይ ተቀመጠ፤ አይስብም። ማሽኑ እያጓራ ነው፣ ጫፉም በእጄ ነው፣ መካከል ያለው ቱቦ ግን ከጠርሙሱ ተነቅሎ ወለል ላይ ተጋድሟል። ነርሷ ጎንበስ ብላ አግኝታ እስክትሰካው ያለፈው ጊዜ ቢበዛ ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ግን የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ ቃናው እየወረደ፣ እየወረደ ሲሄድ ሁላችንም እንሰማ ነበር። ሰውየው ተርፏል። አልጋውን ከብበን የቆምነው አምስት ባለሙያዎች ነበርን፤ አምስታችንም ሰክሽን መኖሩን አይተናል። መሳቡን የሞከረ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የቼክሊስት መስመር እንዴት እንደሚጻፍ ያለኝ አመለካከት ተለውጧል። "ሰክሽን አለ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው፤ ምንም አያጣራም። "ሰክሽኑ በእጅ ተሞክሮ ይስባል? ከትራሱ ሥር ነው?" የሚለው ግን አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ካልነካው በቀር ሊመለስ አይችልም። ዝርዝሮችን ስታወዳድሩ ይህን ፈልጉ። ዓይን ብቻ የሚመልሳቸው መስመሮች የበዙበትን ትታችሁ፣ እጅንና አንደበትን የሚያሠሩ መስመሮች ያሉበትን ውሰዱ።

ጥሩ የሚባለው ዝርዝር አራት ነገሮችን ይነካል። አንደኛ ታካሚው፦ አቀማመጡ፣ ቀድሞ የተሰጠው ኦክስጅን፣ የደም ግፊቱ። ሁለተኛ ዕቃው፦ ሰክሽን፣ በሁለት መጠን የተዘጋጀ ቱቦ፣ ቱቦው በትክክል መግባቱን የሚያሳየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ። ሦስተኛ መድኃኒቱ፦ ስሙና መጠኑ በቃል ተነግሮ፣ ግፊት ቢወርድ የሚሰጠውም በመርፌ ተቀድቶ። አራተኛው ብዙ ዝርዝሮች የሚዘሉት ነው፤ ባይሳካስ? ይህ ክፍል ሲነበብ ምን እንደሚመስል ከሰማሁት ላስቀምጥ።

"ቱቦው አልገባ ቢልስ?" አለች አንባቢዋ ነርስ።

"ሁለት ጊዜ እሞክራለሁ። ካልሆነ በጭምብል እናተነፍሰዋለን። እርሱም ካልሠራ አንገቱ ላይ እከፍታለሁ። የመክፈቻው ዕቃ ከማን ጋር ነው?"

"ከእኔ ጋር ነው ዶክተር። ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ።"

ይህ ንግግር ስምንት ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ግን በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሦስተኛው ሙከራ ሊደረግ ሲል "ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ብለው ነበር" ማለት ይችላል። ዝርዝሩ ዕቃ ከማስታወስ የበለጠ ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረውን ዕቅድ የሁሉም ንብረት ያደርገዋል።

ማስረጃው ላይ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች በድንገተኛ ክፍል ቱቦ ሲገባ የሚከሰተው ችግር ቼክሊስቱ ከመጀመሩ በፊት 9.2 በመቶ የነበረ ሲሆን ከተጀመረ በኋላ 1.5 በመቶ ሆኗል። የታካሚዎቹ ቁጥር ግን ከመቶ ሃምሳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ 262 በጽኑ የታመሙ አዋቂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በቼክሊስት የተዘጋጁትንና በተለመደው መንገድ የተዘጋጁትን አወዳድሯል። በኦክስጅን መውረድም ሆነ በደም ግፊት መውረድ ልዩነት አላገኘም። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የምረዳው፣ ዝግጅት አስቀድሞ ልማድ በሆነበት ቦታ ወረቀቱ የሚጨምረው ጥቂት መሆኑን ነው። ሰዎቹ በየፈረቃው በሚለዋወጡበት፣ አንዱ የሌላውን ስም በማያውቅበት ክፍል ግን ሌላ ነው። በብሪታንያ የማደንዘዣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረጉት የመተንፈሻ ቧንቧ ችግሮች አገር አቀፍ ምርመራም፣ ለጽኑ ሕሙማን ቱቦ ሲገባ ቼክሊስት እንዲኖር መክረዋል።

ደካማ ጎኑ ጊዜ ነው። ታካሚው ጨርሶ መተንፈስ ሲያቆም ሃያ መስመር የሚያነብ የለም፤ ሊያነብም አይገባውም። ስለዚህ ከዋናው ዝርዝር ጋር አራት መስመር ብቻ ያለው አጭር ቅጂ አብሮ የሚመጣለትን ምረጡ፦ ኦክስጅን፣ ሰክሽን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ፣ ቱቦው ባይገባ የሚደረገው። አጭር ቅጂ የሌለው ዝርዝር በመጀመሪያው አስጨናቂ ሌሊት ይጣላል፤ አንዴ ከተጣለ ደግሞ መልሶ ማምጣት ይከብዳል።

በቀውስ መካከል የሚከፈተው ካርድ

የቀውስ ካርድ የሚባለው አንድ የተወሰነ አደጋ ሲደርስ የሚከፈት ነው፤ የልብ መቆም፣ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ፣ የማደንዘዣ መድኃኒት መመረዝ። እዚህ የሚያዋጣው እያነበቡ መሥራት ነው፤ ማስረጃውም ጠንከር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 17 የቀዶ ሕክምና ቡድኖች በማስመሰያ ልምምድ 106 የቀውስ ሁኔታዎችን እንዲያልፉ ተደርጓል። ካርድ ሲኖራቸው ከዋና ዋና እርምጃዎች የዘለሉት 6 በመቶ ነበር፤ ከትዝታ ሲሠሩ 23 በመቶ። ልምምድ ከእውነተኛው ታካሚ ይለያል፤ የቀዶ ሕክምና ክፍልም ከድንገተኛ ክፍል ይለያል። ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ካርዶችን ስታወዳድሩ የመጀመሪያው መመዘኛ ርዝመት ይሁን። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በኒው ዮርክ ሁለቱም ሞተሮቹ በወፎች የተመቱበትና በሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው አውሮፕላን ውስጥ ረዳት አብራሪው ወዲያው ዝርዝሩን ከፍቶ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ዝርዝሩ ግን የተጻፈው ችግሩ ከ20,000 ጫማ በላይ ሲደርስ፣ ጊዜ በሚኖርበት ሁኔታ ነው። እነርሱ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብለው ነበር፤ ከወፎቹ እስከ ውኃው የነበራቸው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በውኃ ላይ ስለማረፍ የሚናገረው ክፍል ላይ ሳይደርሱ ውኃው ላይ አረፉ። ሁሉም ሰው የተረፈው በአብራሪዎቹ ችሎታ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለ ካርድም እንዲሁ ነው፤ ሕይወት የሚያድነው መስመር ከታች ከተቀመጠ ማንም አይደርስበትም።

ስለዚህ ካርዱን አንሡና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቡ። የአለርጂ ድንጋጤ ካርድ ከሆነ ከሁሉ በላይ በትልቁ መጻፍ ያለበት "አድሬናሊን፣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፣ በጡንቻ፣ ጭን ላይ፤ ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገም" የሚለው ነው። መጀመሪያ የበሽታውን ትርጉም፣ ቀጥሎ የምልክቶቹን ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ሕክምናውን የሚያስቀምጥ ከሆነ መማሪያ እንጂ የቀውስ ካርድ አይደለም። ለተማሪ ስጡት።

ለልብ መቆም ካርዱ የሚጠቅመው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ነው። ደረት መጫን ካርድ አይጠብቅም፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ወዲያው ይጀመራል። በየሁለት ደቂቃው የልብ ምት ሲታይና የሚጫነው ሰው ሲቀየር ግን አንባቢው "ልቡን ያቆመው ምን ሊሆን ይችላል?" ብሎ ሊታከሙ የሚችሉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይጠይቅ። የኦክስጅን እጥረት፣ የደም መጠን መቀነስ፣ የፖታሲየም መዛባት፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ በደረት የታፈነ አየር፣ በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም፣ የደም መርጋት፣ መርዝ። በጥድፊያ ላይ ያለ መሪ እነዚህን ስምንቱን ሳይዘል ሲዘረዝር ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ሩጫ ሲበርድ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአደጋ ጉዳት ያዘጋጀው ቼክሊስት ከሌሎቹ የሚለየው በሚነበብበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ምርመራ እንዳለቁና ቡድኑ ከታካሚው ከመለየቱ በፊት፣ በሁለት ማቆሚያዎች ይነበባል። ቡድኑን በሥራ መካከል አያቋርጥም፤ ሠርቶ የማረጋገጥ ንጹሕ ምሳሌ ነው።

ይህ ሰዓት ለምን አስፈላጊ እንደሆነ አልጋው አጠገብ የቆመ ያውቀዋል። ደሙ ቆሟል፣ ግፊቱ ተስተካክሏል፣ ሁሉም ትንፋሽ ወስዷል። አንዱ ጓንቱን እያወለቀ ነው፣ ሌላው ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞሯል። ብዙ ነገር የሚቀረው በዚህች ቅጽበት ነው። ጀርባው አልተገለበጠም፤ የራስ ቅሉ ጀርባ በፀጉር ተሸፍኖ እየደማ ነው፤ የአራቱም እጅና እግር የደም ዝውውር አልታየም፤ ታካሚው ልብሱ ተቀድዶ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ዝርዝሩ እነዚህን ይጠይቃል። በሁለተኛው ማቆሚያ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ የሕመም ማስታገሻና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መሰጠታቸውን፣ የተነሣው ምስል መታየቱን፣ ዕቅዱ ለቤተሰብና ለሚረከበው ክፍል መነገሩን ያጣራል። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ መስመር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አቅማቸው በጣም የተለያየ ሆስፒታሎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ለልምድ የለሽ ቡድን የምመክረው የመጀመሪያው ቼክሊስት ይህ ነው። ከቱቦው ዝርዝር ጋር ሲወዳደር የሚያድነው ሰው በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን ቡድኑን ጮክ ብሎ የማንበብና የመመለስ ልማድ ያለ ፍርሃት ያስተምረዋል።

ስለ ታካሚ ርክክብ አጠር አድርጌ ልለፍ። የርክክብ ቅደም ተከተሎች ሁሉ ጥቅማቸው ተመሳሳይ ነው፤ ተናጋሪው ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚጨርስ አድማጩ ያውቃል። ከአምቡላንስ ለመረከብ አጭሩ ይበቃል፦ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ጉዳቱ የደረሰበት መንገድ፣ የታየው ጉዳት፣ ምልክቶች፣ የተሰጠው ሕክምና። ለፈረቃ ቅብብል ግን ተረካቢው የሰማውን መልሶ በራሱ አንደበት የሚናገርበትን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የተሞከረው እንዲህ ያለ አሠራር፣ ከሥልጠና ጋር ተዳምሮ፣ የሕክምና ስሕተቶችን በ23 በመቶ ቀንሷል። መልሶ መናገሩ ሲጀመር ያሳፍራል፤ በሳምንቱ ይለመዳል።

አንባቢው ማን ይሁን?

ዝርዝሩን መሪው ያንብብ የሚሉ አሉ። እኔ አልደግፈውም። መሪው ሲያነብ ዓይኑ ከታካሚው ወደ ወረቀቱ ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ራሱ ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ይሆናል። መድኃኒት የምታዘጋጀው ነርስ ታንብብ የሚለውም ጥሩ አይደለም፤ በአንድ እጅ መርፌ በአንድ እጅ ወረቀት ይዞ ሁለቱንም በደንብ መሥራት አይቻልም። የሚሻለው በዚያች ደቂቃ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው፤ መዝጋቢዋ ነርስ፣ ወይም ገና በመማር ላይ ያለ ሐኪም። አንባቢው ፈረቃው ሲጀመር በስሙ ይታወቅ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት እናት ለቀላል ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ተሰጣት፤ ከዚያ መተንፈሻዋን መክፈት አልተቻለም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦውን ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። ከነርሶቹ አንዷ አንገት ላይ ለመክፈት የሚያገለግለውን ዕቃ አምጥታ ነበር፤ ሌላዋም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ጠይቃ ነበር። የሚደረገውን ያወቁ ሰዎች በክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸው ግን ሰሚ አላገኘም። እናቲቱም ከቀናት በኋላ ሞተች። ባለቤቷ አብራሪ ነበር፤ በኋላ በሕክምና ውስጥ ይህን ጉዳይ የሚያነሣ ማኅበር አቋቁሟል። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል፤ ዕቃው እኮ እዚያው አልጋው አጠገብ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝር ስትመርጡ "አቁሙ የማለት ሥልጣን ለማን ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሥራ ዝናው የወጣው ካቴተር፣ ማለትም ወደ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በሚመለከቱ አምስት ቀላል መስመሮች ነው፤ እጅ መታጠብ፣ ቆዳን ክሎርሄክሲዲን በተባለው ተሕዋስያን ገዳይ ማጽዳት፣ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ የብሽሽት ደም ሥርን መተው፣ የማያስፈልገውን ካቴተር ማውጣት። በሦስት ወር ውስጥ በካቴተር ምክንያት የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን መካከለኛ መጠን በየ1,000 የካቴተር ቀናት ከ2.7 ወደ ዜሮ ወርዷል። እነዚያን አምስት መስመሮች የማያውቅ ሐኪም አልነበረም። አዲሱ ነገር፣ መስመር ሲዘለል ነርሷ ሐኪሙን እንድታስቆም መፈቀዱና አስተዳደሩ ከጎኗ መቆሙ ነው። ሥልጣኑን ሳትሰጡ ወረቀቱን ብቻ ብትሰጡ ነርሷን ለነቀፋ ማጋለጥ ይሆናል።

ወረቀት ወይስ ስልክ?

ወረቀት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ከዕቃው ጋር የታሰረ። የቱቦው ዝርዝር ቱቦው ባለበት ሣጥን ክዳን ላይ፣ የቀውስ ካርዶቹ ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት በሚሰጠው መሣሪያ፣ በዲፊብሪሌተሩ፣ ጋሪ ላይ። ስልክ ይቆለፋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ደም በነካው ጓንት አይከፈትም። ለመድኃኒት መጠን ስሌት፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ኮምፒውተር ይረዳል፤ ለተቀረው ወረቀት ይበቃል።

የተዘጋጀውን መውሰድ ወይስ የራስን መጻፍ?

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 መስመሮች አሉት። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ችግሮች ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርደዋል። ያው ቼክሊስት በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በመመሪያ ታዝዞ በ101 ሆስፒታሎች ሲጀመር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት በሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አላየም፤ 0.71 የነበረው 0.65 በመቶ ሆነ። ሆስፒታሎቹ እንጠቀማለን ብለው ሪፖርት አድርገው ነበር። ወረቀቱ በመሠረቱ አንድ ሆኖ ሳለ የዚህን ያህል የተለየ ውጤት የመጣበትን ምክንያት በተመለከተ ብዙ ተከራክረዋል። እኔ የማምነው፣ ከላይ የታዘዘ ዝርዝር ምልክት ለማድረግ ይሞላል፤ ቡድኑ ራሱ የተከራከረበት ግን ይነበባል የሚለውን ነው።

በዚህ ምክንያት ከሁለቱ መካከለኛውን መንገድ እመርጣለሁ። የተፈተነውን ዝርዝር ውሰዱ፣ ከዚያ ቆርጣችሁ ስፉት። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በቀዶ ሕክምናው ቼክሊስት ግርጌ፣ ዝርዝሩ ሁሉን ያካተተ እንዳልሆነና ከየቦታው አሠራር ጋር እንዲጣጣም እንደሚያበረታታ ጽፏል። በክፍላችሁ የሌለ መሣሪያ ስም የያዘ መስመር ካለ አውጡት፤ አንድ ውሸት የያዘ ዝርዝር የቀረውንም ያስንቃል። በአንድ ማቆሚያ ላይ ከዘጠኝ መስመር አትለፉ፤ ተነብቦ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከወሰደ ቀንሱት። ባዶ አልጋ ከብባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንደበት የሚይዙ ዓረፍተ ነገሮች ወዲያው ይታወቃሉ።

ከአንድ መጀመር ካለባችሁ

ሁሉንም በአንድ ወር አትጀምሩ። በአደጋ የተጎዱ ሰዎች የሚበዙባችሁና ብዙ ጀማሪ ባለሙያ ያለባችሁ ከሆናችሁ በዓለም ጤና ድርጅት የአደጋ ጉዳት ቼክሊስት ጀምሩ። ቱቦ ደጋግማችሁ የምታስገቡ፣ የቡድኑ አባላት ግን በየፈረቃው የሚለዋወጡባችሁ ከሆናችሁ የቱቦውን አስቀድሙ። ቡድናችሁ ትንሽ፣ ታካሚያችሁም ጥቂት ሆኖ ከባድ አደጋ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣባችሁ ከሆነ የቀውስ ካርዶች ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅሟችኋል፤ ያልለመዳችሁትን የምታስታውሱበት ሌላ መንገድ የላችሁምና። በየወሩ አንድ ካርድ እየመረጣችሁ ተለማመዱ፤ በልምምድ ያልተከፈተ ካርድ በቀውስ አይከፈትም።

ከሦስት ወር በኋላ የሞሉ ወረቀቶችን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። ሁሉም ምልክት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች የተሰመረ ከሆነ ዝርዝሩ የተሞላው ታካሚው ከሄደ በኋላ ነው፤ ሰዉን ሳትቆጡ የሚነበብበትን ሰዓት እንደገና አስቡ። ለእያንዳንዱ መስመር "የለም" ወይም "አልተደረገም" የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንደተገኘም ቁጠሩ። እኛ እንዲህ ቆጥረን ሦስት መስመሮችን አውጥተናል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ "የለም" ተብሎ አልተመለሰባቸውም፤ ቢዘለሉም ሰው የሚገድሉ አልነበሩም። የሰክሽኑ መስመር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ጊዜ "አይስብም" የሚል መልስ ተመዝግቦበታል፤ ሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ገና ከመርፌው አልወጣም ነበር።